18 ፍቅር በአንድ ምሽት፦ አንቶሎጂ ፊልም ስናይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

«ፓሪስ፣ ዠ ቴም»ን መጀመሪያ ያየሁት ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ነው። ሃያ ደቂቃ ያህል እንደሄደ ዞር ብሎ «ቆይ፣ የቅድሙ ሰውዬ የት ገባ?» አለኝ። የትም አልገባም። የሱ ታሪክ አልቋል። ይህ ፊልም በ2006 ፈረንሳይ አገር በካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ የታየ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ)። በውስጡ 18 አጫጭር የፍቅር ታሪኮች አሉ። አንዱ አንዱ አምስት ደቂቃ ገደማ ነው፤ ሰፈሩም ዳይሬክተሩም ይለያያል። አንቶሎጂ ፊልም የሚባለው ይኸው ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ስህተት የጓደኛዬ ነው፦ ታሪኩ ይቀጥላል ብሎ መጠበቅ። መጨረሻ ላይ ጥቂቶቹ ሰዎች ብቅ ይላሉ፤ ግን ለሰላምታ ያህል ነው። የዚህ መንትያ ደግሞ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ መዋጥ ነው። በያይነቱን ደባልቃችሁ ከጎረሳችሁት ሽሮውም ጎመኑም አንድ ይሆንባችኋል። እኔ አሁን አራት አራት እያልኩ ነው የማየው።

ሁለተኛው፣ ፍትወትን ከአልጋ ጋር ብቻ ማያያዝ። ጥፋቱ በከፊል የቋንቋችን ይመስለኛል። «ፍቅር» ስንል ሁሉም ይገባበታል፤ የእናት፣ የአገር፣ የእግዜር። «ፍትወት» ስንል ደግሞ ወዲያው የንስሐ አባታችን ፊታችን ላይ ድቅን ይላሉ። መሃል ላይ ያለው፣ ሳይነኩት የሚያቃጥለው ነገር፣ ስም አጥቶ ይቀራል። ስለዚህ «ስለ ፍትወት የተሠራ ፊልም» ከተባለ ሪሞት ጨብጠን በር በሩን ማየት ነው።

«ኢሮስ»ን እዩት። በ2004 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የታየ፣ ሦስት ዳይሬክተሮች የተካፈሉት ፊልም ነው፦ ጣሊያናዊው ሚኬላንጄሎ አንቶኒዮኒ፣ አሜሪካዊው ስቲቨን ሶደርበርግና የሆንግ ኮንጉ ዎንግ ካር ዋይ። የዎንግ ድርሻ «እጅ» ይባላል። ዘመኑ 1960ዎቹ ነው። አንድ ጀማሪ ልብስ ሰፊ የሀብታሞች ቅምጥ ወደሆነች ሴት ቤት ይላካል። ሴትየዋን የምትጫወተው ጎንግ ሊ ናት። በመጀመሪያው ቀን እጇ ይነካዋል፤ እንዴት እንደሆነ እዚህ አልጽፍም፣ እሱን ስታዩ ግን ልጆቹ ይተኙ። ከዚያ በኋላ ሰውዬው ለዓመታት ልብሷን ይሰፋል። እሷ ትደኸያለች፣ ወዳጆቿ ይሸሻሉ፤ እሱ ይሰፋል። አንድ ቦታ ላይ ባዶ ቀሚሷ ውስጥ እጁን አስገብቶ ቀስ አድርጎ ያንሸራትታል። ገላ የለም፤ ጨርቅ ብቻ። ያየኋቸው የአልጋ ትዕይንቶች ሁሉ ቢደመሩ ይህን አያህሉም።

ፊልሙ ሲቀረጽ ሆንግ ኮንግ ሳርስ የሚባለው ተላላፊ የመተንፈሻ በሽታ ገብቶባት ነበር። ያኔ ሰው ሁሉ እጁን ሲታጠብና መነካካት ሲፈራ እንደነበር፣ የእጁ ነገርም ከዚያው እንደመጣለት ዎንግ ራሱ ተናግሯል። በኮቪድ ጊዜ በክርን ሰላም ለተባባልን ሰዎች ይህ ማብራሪያ አይፈልግም።

ሦስተኛው፣ ፍቅር ሲባል ጥንዶችን ብቻ መፈለግ። ብዙ ሰው በ«ፓሪስ፣ ዠ ቴም» ውስጥ የብራዚላውያኑን የዋልተር ሳሌስንና የዳንዬላ ቶማስን ክፍል «ይሄ ደግሞ የፍቅር ነው እንዴ?» ብሎ ያልፈዋል። አንዲት ስደተኛ እናት ገና ሳይነጋ ሕፃኗን ማቆያ ታስገባለች። ልጁ ሲያለቅስባት እሹሩሩ ትለዋለች። ከዚያ ባቡር፣ እንደገና ባቡር፣ ረጅም መንገድ። የምትደርሰው ሀብታሞች ሰፈር ነው፤ ሞግዚት ናት። የሌላ ሰው ልጅ ያለቅሳል። ያንኑ እሹሩሩ፣ በዚያው በራሷ ቋንቋ፣ ለሱ ታንጎራጉርለታለች። ዓይኗ ግን በመስኮት ሌላ ቦታ ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። ቤይሩት ወይም ሪያድ እህት ያለችው ሰው ይህን አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ አያልፈውም። እኔ ሁለት ጊዜ መልሼ አይቼ ሦስተኛውን ተውኩት።

አራተኛው አጭር ነው፦ እጃችሁ የገባውን ቅጂ ሙሉ አድርጎ መውሰድ። በ1962 የወጣው የጣሊያኖቹ «ቦካቺዮ 70» አራት ታሪክ ነበረው፤ ፌሊኒ፣ ቪስኮንቲ፣ ዴ ሲካና ሞኒቼሊ የሠሩት። ፕሮዲውሰሩ ካርሎ ፖንቲ የሞኒቼሊን ታሪክ ካን ላይ ከታየውም ከውጭ አገሩም ቅጂ አወጣው። ሦስቱ ተቃውመው ካን ሳይሄዱ ቀሩ። የወጣው ታሪክ ምን ነበር መሰላችሁ? ተጋብተው ጋብቻቸውን ከአለቃ የሚደብቁ ወጣት ሠራተኞች። ኮከብ ተዋንያን ያሉባቸው ተረፉ፣ የደሃዎቹ ፍቅር ተቆረጠ። ስለዚህ ስታወርዱ ቆይታውን እዩ፤ ሙሉው ከሦስት ሰዓት በላይ ነው።

አምስተኛው በስም መፍራት ነው። «ኢሮስ» የታሰበው ለአንቶኒዮኒ ክብር ነበር። ሰውዬው ያኔ ዘጠናን አልፏል፤ በ1985 ስትሮክ ከመታው ጀምሮ መናገር ይቸግረው ነበር። ትልቅ ሰው ነው፣ አይካድም። የሱ ክፍል ግን ከሦስቱ ደካማው ነው። ከደበራችሁ ዝለሉት፤ ማንም አይቆጣም።

የመጨረሻው ደግሞ «ጥንዶቹ አለቁ» ብሎ ቶሎ መዝጋት። በ«ፓሪስ፣ ዠ ቴም» 18ኛው ታሪክ የአሌክሳንደር ፔይን ነው። ከአሜሪካዋ ዴንቨር የመጣች ደብዳቤ አዳይ ብቻዋን ፓሪስን ትጎበኛለች። ታሪኳን በዚያ በሚሰባበር ፈረንሳይኛዋ ትተርካለች፤ መጀመሪያ ላይ ያስቃል። ባል የለም፣ ፍቅረኛ የለም። መናፈሻ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ሳንድዊች ትበላለች። ድንገት ደስታና ሐዘን አንድ ላይ ይመጡባታል፤ ከከተማዋ ፍቅር ይይዛታል። ጓደኛዬ እዚህ ጋ ሲደርስ ስለ ቅድሙ ሰውዬ መጠየቁን ትቶ ነበር።