ያገለገለ ፎር ባይ ፎር ስትገዙ መጀመሪያ ሥሩ ግቡ

አውስትራሊያ ሆናችሁ ወደ በረሃው ለመውጣት ላሰባችሁ። ከኪሎሜትሩ ይልቅ ዝገቱ ያስፈራችሁ። ባሕር ዳር አሸዋ ላይ ሲነዳ የኖረ መኪና ቀለሙ እያብረቀረቀ ሻንሲው፣ ማለትም መኪናውን የተሸከመው የብረት አጽም፣ ከውስጥ ተበልቶ ሊገኝ ይችላል። የእጅ ባትሪ ያዙና ሥሩ ግቡ። ሻንሲውን በመፍቻ ቀስ አድርጋችሁ ኳ ኳ አድርጉት፤ ቅርፊት ከረገፈ መኪናውን ተዉት። የዲፈረንሻሉን (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለውን ማርሽ) ዘይትም አስከፍታችሁ እዩ፤ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ሻጩ ሞተሩን አሙቆ እንዳይጠብቃችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት። ኮፈኑን በእጃችሁ ዳስሱት፣ ቀዝቃዛ ከሆነ ሞተሩ ይነሳ።

እኔ የምመርጠው ቱርቦ የሌለውን፣ ባለ 4.2 ሊትሩን የቆየ የናፍጣ ላንድክሩዘር ነው። ዳገት ላይ ቀርፋፋ ነው። ግን በረሃውን አቋርጦ ከ500 ኪሎሜትር በላይ በሚረዝመው የበርድስቪል መንገድ ላይ ቢቆም፣ ኮምፒውተር ሳያስፈልገው በተራ መፍቻ የሚነካካ ሞተር ነው።