የማክቤዝን ውድቀት ለሚጫወት ተዋናይ

ወጣት ተዋንያንን የሼክስፒርን «ማክቤዝ» ተውኔት ሳለማምድ፣ ንጉሡን ገድሎ ዙፋኑን የያዘውን የማክቤዝን ውድቀት ከአራተኛው ገቢር ነው የማስጀምረው። ጠንቋዮቹ ለማክቤዝ የሚያሳዩት፣ ትንቢት የሚናገሩት ሦስቱ ራእዮች እዚያ ናቸው። የመጀመሪያው ከስኮትላንዳዊው ባላባት ከማክዳፍ ተጠንቀቅ ይለዋል። ሁለተኛው ሴት የወለደችው ሰው አይጎዳህም ይለዋል። ሦስተኛው ደግሞ የበርናም ጫካ ተነስቶ ወደ ምሽግህ ወደ ደንሲኔን ካልመጣ አትሸነፍም ይላል።

ሦስቱን በአንድ ዓይነት ፊት አትስሟቸው። በመጀመሪያው ስጉ፣ በቀሩት እፎይ በሉ። እፎይታው ለተመልካቹ በደንብ ይታይ፤ በኋላ የሚናደው እሱ ነውና። እዚያው ግን ማክቤዝ፣ ማክዳፍ ወደ እንግሊዝ መሸሹን ይሰማል፣ የማክዳፍን ሚስትና ልጆችም ያስፈጃል። ትንቢቱን ካመነ ለምን ይገድላል? ልምምዱን ሁሉ ይህን ጥያቄ ይዛችሁ ሥሩ። ለእኔ የገጸ ባሕሪው ቁልፍ እሱ ነው።

አምስተኛው ገቢር ላይ አትቸኩሉ። የሚስቱ የንግሥቲቱ ሞት ይነገረዋል፣ ወዲያው መልእክተኛ ገብቶ ጫካው ሲንቀሳቀስ አየሁ ይላል። ተመልካቹ ምስጢሩን ያውቃል፤ የተገደለው ንጉሥ ልጅ ማልኮም ወታደሮቹን ከበርናም ጫካ ቅርንጫፍ ቆርጠው እንዲይዙ ሲያዝ ሰምቷል። ስለዚህ መጮህ አያስፈልግም። ዝም በሉ። የተባለውን ቃል በቃል ሲያስታውስ ፊታችሁ ላይ እንየው።

ማክዳፍ ከእናቱ ማሕፀን ያለጊዜው ተቀዶ መውጣቱን፣ ማለትም እንደ ሌላው ሰው አለመወለዱን ሲናገር ጎራዴያችሁን ዝቅ አድርጉ። ማክቤዝ መጀመሪያ አልዋጋህም ነው የሚለው። ጋሻውን የሚያነሳው ለማልኮም መስገድን እምቢ ሲል ነው። በሁለቱ መካከል አንድ ረጅም ትንፋሽ ውሰዱ።