የሚኒሶታን ሙዚቃና የግዛቱን ጉዳይ ለመከታተል

ከሬዲዮ ይጀምሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 የተከፈተው «ዘ ከረንት» 89.3 ኤፍ ኤም የግዛቱን ባንዶች ከታዋቂዎቹ ጋር ቀላቅሎ ያጫውታል፤ ለሚኒሶታ ሙዚቀኞች ብቻ የተለየ ፕሮግራምም አለው። ከ1978 ጀምሮ የሚሠራው ኬ.ኤፍ.ኤ.አይ. 90.3 ደግሞ በአብዛኛው የበጎ ፈቃደኞች ጣቢያ ነው። አንዱ አዘጋጅ ወጥቶ ሌላው ሲገባ ቋንቋውም ሙዚቃውም ይለወጣልና፣ አንዴ ከፍተው አልጥም ካለዎት ጣቢያውን አይተዉት፤ የሳምንቱን የፕሮግራም ሰንጠረዥ አይተው የሚስማማዎትን ሰዓት ይያዙ። ከመንትዮቹ ከተሞች (ከሚኒያፖሊስና ከሴንት ፖል) ከራቁ በኢንተርኔት ያዳምጡ።

የሰሙትን ስም ጽፈው ይያዙና መድረክ ላይ ይፈልጉት። ሚኒያፖሊስ መሀል ያለው ፈርስት አቬኑ የቀድሞ የግሬይሃውንድ አውቶቡስ ጣቢያ ነው፤ በ1970 የሙዚቃ ቤት ሆነ፣ ዘፋኙ ፕሪንስም ስሙን ያስጠራው እዚያ ነው። ዋናው አዳራሽ 1,500 ያህል ሰው ይይዛል። አዲስ ባንድ ለመስማት ግን ጎኑ ያለው፣ 250 ሰው ገደማ የሚይዘው ሰቨንዝ ስትሪት ኤንትሪ ይሻላል፤ ትኬቱም ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ከአፍሪካም ከሌላውም ዓለም የሚመጡ ሙዚቀኞችን ለመስማት ሴዳር ሪቨርሳይድ ሰፈር ያለውን ሴዳር የባህል ማዕከል ይከታተሉ።

ትኬቱ ላይ ሦስት ነገር ይመልከቱ። አንደኛ ዕድሜ፦ «18+» ወይም «21+» ካለ መታወቂያ ያልያዘ ሰው በሩ ላይ ይመለሳል። ሁለተኛ ሰዓት፦ በሩ የሚከፈትበትና ሙዚቃው የሚጀመርበት ይለያያል፤ ዋናው ባንድ ደግሞ ከመክፈቻ ባንዶቹ በኋላ ነው የሚወጣው። ግን የአገሬው ልጆች ብዙውን ጊዜ መክፈቻዎቹ ናቸውና ዘግይቶ መግባት የመጡበትን ያስቀራል። ሦስተኛ፣ መቀመጫ መኖሩን ያረጋግጡ፤ ፈርስት አቬኑ በአብዛኛው ቆሞ ነው። የጆሮ መድፈኛ ይያዙ።

ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በሚኒሶታ ሕግ ትኬት ሻጭ ክፍያዎቹን ሁሉ ደምሮ ጠቅላላውን ዋጋ ከመጀመሪያው ማሳየት አለበት፤ በእጁ የሌለውን ትኬት መሸጥም ተከልክሏል። ዋጋው መጨረሻ ላይ ድንገት ካደገ ገጹን ዝጉና ወደ አዳራሹ የራሱ ድረ ገጽ ይሂዱ። ከሰው የተላከ ስክሪንሾትም አይግዙ፤ ባርኮዱ የሚለዋወጥ ትኬት ስላለ በር ላይ ላይሠራ ይችላል።

ሕጉን አገረ ገዢው የፈረሙት እዚያው ፈርስት አቬኑ ውስጥ ነበር፣ ሜይ 2024። ሙዚቃውን የወደደ ሰው ካፒቶልን (የግዛቱ ምክር ቤት የሚሰበሰብበትን ሕንፃ) ችላ ማለት የማይችለውም ለዚህ ነው። በ2008 መራጩ ባጸደቀው «ሌጋሲ» በተባለው የግዛቱ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ መሠረት፣ እስከ 2034 ድረስ፣ የሽያጭ ታክስ ከሚከፈልበት ከእያንዳንዱ 100 ዶላር ግዢ 37.5 ሳንቲም ማሻሻያው ለጠቀሳቸው ዓላማዎች ይሰበሰባል፤ ከዚያ ውስጥ 19.75 በመቶው ለኪነ ጥበብና ለባህል ቅርስ ነው። ማን ምን ያህል እንደሚያገኝ የሚወስነው ምክር ቤቱ ነው።

ለዕለት ዜና ኤም.ፒ.አር. ኒውስን (የሚኒሶታ የሕዝብ ሬዲዮ የዜና ጣቢያ) 91.1 ላይ ያዳምጡ፤ የስደተኞችን ጉዳይ በቅርብ የሚዘግበው በ2019 የተቋቋመው «ሳሃን ጆርናል» ነው። ከዚያ በምክር ቤቱ ድረ ገጽ አድራሻዎን አስገብተው አንድ ሴናተርዎንና አንድ ተወካይዎን ይለዩ። የሚከታተሉትን ረቂቅ ሕግ ቁጥር መያዝ አይርሱ፤ ርዕሱ ይመሳሰላል፣ ይዘቱም ሌላ ትልቅ ረቂቅ ውስጥ ሊጠቃለል ይችላል፤ ቁጥሩ ከሌለ ዱካው ይጠፋል።

የኮሚቴ ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው። መናገር ከፈለጉ በማስታወቂያው ላይ ለተጠቀሰው የኮሚቴ ሠራተኛ አስቀድመው ይመዝገቡ፤ የሚሰጠው ጊዜ የደቂቃዎች ነውና ጥያቄዎን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይናገሩ። የስብሰባ ሰዓት በዕለቱ ሊለወጥ ስለሚችል ከቤት ሲወጡ ሰሌዳውን ደግመው ይዩ። ግሪን ላይን ባቡር ካፒቶልንም፣ ሴዳርንም፣ ፈርስት አቬኑንም በእግር ርቀት ያደርሳል፤ ሌሊቱን ሙሉ ግን ስለማይሠራ ኮንሰርት ለሚያመሹ የመጨረሻውን ባቡር ሰዓት ማወቅ ግድ ነው።