ራሱን የሚያስተካክል ሰስፔንሽን ያለው አሮጌ መኪና ሲወርድ ወይም ሲደርቅ እንዴት ይፈተሻል?

የቆየ መኪና ኋላው መሬት ሊልስ ሲደርስ ብዙ ሰው ቶሎ የሚለው «ሾኩ ሞቷል፣ ይቀየር» ነው። ቆይ። ራሱን በሚያስተካክል፣ ማለትም ጭነት ሲጨመር ቁመቱን በራሱ በሚመልስ ሰስፔንሽን ላይ ሾክ የሚመስለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ሾክ አይደለም፣ ዋጋውም የሾክ ዋጋ አይደለም። ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ። መኪናው ወርዷል ወይስ ደርቋል? ሁለቱ የተለያየ በሽታ ናቸው። ቁመቱ ትክክል ሆኖ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ወገብ የሚቆርጥ ከሆነ በብረት ኳሶቹ ውስጥ የታመቀውን ጋዝ ጠርጥሩ። አነዳዱ ለስላሳ ሆኖ ኋላው የሚቀመጥ ከሆነ ግን ዘይቱን፣ ቫልቩን፣ ዘንጉን ወይም ፓምፑን ጠርጥሩ። ሁለቱም አንድ ላይ ከመጡ ከቁመቱ ጀምሩ።

መጀመሪያ ዓይነቱን እወቁ

ሲትሮን ይህን ነገር እ.ኤ.አ. በ1954 በትራክሲዮን አቫን ኋላ እግር ላይ ሞከረው፣ በ1955 ደግሞ ዲኤስ በአራቱም እግሩ ይዞት ወጣ። ዲኤስ የብረት ሞላ የለውም። መኪናው የተቀመጠው በዘይትና በብረት ኳስ ውስጥ በታመቀ ናይትሮጅን ላይ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ጠፍቶ ካደረ ተኝቶ ብታገኙት አትደንግጡ፣ ጠባዩ ነው።

እንደ መርሴዲስ ደብሊው 123 ስቴሽን ዋገን ያሉት ደግሞ ኋላቸው ላይ የተለመደው ሞላ አላቸው። ዋናውን ክብደት ሞላው ይሸከማል፣ ጭነት ሲጨመር ሞተሩ የሚያዞረው ፓምፕ በዘይት ያግዘዋል። እንዲህ ዓይነቱ ባዶውን አድሮ ዝቅ ብሎ ከተገኘ እንደ ዲኤስ ጠባዩ ነው ብላችሁ አትለፉት።

ሦስተኛው ፓምፕም ቱቦም የሌለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ሬንጅ ሮቨር ኋላ አክስል ላይ ያለው ቦገ ሃይድሮማትና ኒቮማት የሚባሉት ሾክ መሰል ዕቃዎች እንዲህ ናቸው። መንገዱ ሲያነጥራቸው ራሳቸውን በራሳቸው ይነፋሉ። የእነዚህ ምርመራ አጭር ነው። መኪናውን ጫኑ፣ ቁመቱን ለኩ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሸካራ መንገድ ላይ ንዱ፣ መልሳችሁ ለኩ። ሞላው ደህና ሆኖ ምንም ካልተነሳ አልቋል፣ ይቀየራል።

ለኩ፣ ጻፉ

በዓይን አትገምቱ። ሜትር አምጡና ከጎማው መሃል ቀጥ ብሎ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ለኩ፣ በአራቱም ጎማ። ከጎማው መሃል የሚለካው የጎማው ንፋስ ማነስ ቁጥሩን እንዳያዛባው ነው። ፓምፕ ባለው መኪና ላይ ሞተሩን አስነሱና ሁለት ሰው ኋላ አስቀምጡ። መጀመሪያ ይወርዳል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ነበረበት መመለስ አለበት። አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቃችሁ ካልተመለሰ ሲስተሙ እየሠራ አይደለም ማለት ነው። ከተመለሰ ግን ባዶውን ሲሆን ሁልጊዜ ዝቅ የሚል ከሆነ ወይ ዘንጉ ልኩን ስቷል ወይ ሞላው ደክሟል። የግራና የቀኙ ቁጥር ከተለያየ ሞላውን ጫፉ ድረስ እዩት። ውሃ የሚተኛበት የታችኛው መቀመጫ ጋ ዝጎ የተሰበረ ሞላ እያለ ብዙ ጊዜ በዚህ ሲስተም ይመካኛል።

ዘይቱ

እዚህ ጋ ቀልድ የለም። ትክክለኛው ዘይት የቱ እንደሆነ ከመኪናው መጽሐፍ ወይም ከታንኩ ላይ ከተለጠፈው ጽሑፍ አረጋግጡ። የቀድሞዎቹ ዲኤሶች ኤልኤችኤስ የሚባል ቀይ ዘይት ይጠቀሙ ነበር፣ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ አውሮፓ ውስጥ ወደ አረንጓዴው ኤልኤችኤም ተዛወሩ። አንዱን በሌላው ቦታ ብትጨምሩ ጉሚኒዎቹ (ዘይቱ እንዳይፈስ የሚይዙት የጎማ ቀለበቶች) ይበላሻሉ፣ ያኔ የምትቀይሩት አንድ ዕቃ ሳይሆን ከፓምፑ እስከ ኋላ ጎማ ያለውን ሁሉ ነው። የተለመደ የፍሬን ዘይትም እንደ ኤልኤችኤም ባለ የማዕድን ዘይት ሲስተም ውስጥ እንዲሁ መርዝ ነው። «ትንሽ ነው የጨመርኩት» አያድንም።

ደረጃውን ስትለኩም መኪናው የት እንደቆመ አስቡ። ሲትሮን ላይ ሞተሩ እየሠራ፣ ከፍታው የመጨረሻው ላይ ሆኖ ነው የሚታየው። መርሴዲሱ ላይ ሲጫን ዘይት ከታንኩ ወጥቶ ወደ ኋላ ስለሚሄድ ባዶውን ሳለ ለኩ። ዘይቱ አረፋ ከሞላበት ፓምፑ በመሳቢያው በኩል አየር እየሳበ ነው። በመሳቢያው ቱቦ በኩል ማጠበቂያውን ፈትሹ። ታንኩ ውስጥ ያለውን ፊልትሮም አትርሱት፣ ለዓመታት ያልታየ ፊልትሮ ፓምፑን ያንቃል።

ዘንጉና ቫልቩ

እኔ ብሆን ከሁሉ በፊት የማየው ይህን ነው፤ ርካሽ ነውና። ቫልቩ ሰውነቱ ላይ ታስሮ በትንሽ ዘንግ ከስታቢላይዘር ባሩ (መኪናው ሲታጠፍ እንዳያጋድል ከሚይዘው ብረት) ጋር ይያያዛል። ኋላው ሲወርድ ዘንጉ የቫልቩን እጀታ ይገፋል፣ ዘይት ይገባል። የዘንጉ ጫፎች ላይ ያሉት ትናንሽ ኳሶች ዝገው ይደርቃሉ፣ አንዳንዴም ተስፈንጥረው ይወጣሉ፣ ያኔ ቫልቩ ምንም ወሬ አይደርሰውም።

ዘንጉን ከእጀታው አላቅቁ። ሞተሩ እየሠራ እጀታውን ሰውነቱ ሲወርድ ወደሚገፋበት አቅጣጫ በእጃችሁ ግፉት። መኪናው ከተነሳ ፓምፑም ቫልቩም ደህና ናቸው፣ ዘንጉን ቀይሩ ወይም አስተካክሉ፣ ጨረሳችሁ። ካልተነሳ ወደ ፓምፑ ሂዱ። መርሴዲሱ ላይ ጭነት በሌለበት ሰዓት ዘይቱ ወደ ታንኩ ስለሚመለስ ክዳኑን ከፍታችሁ በባትሪ ብርሃን ተመልከቱ። ዘይት እየፈሰሰ ካልገባ ፓምፑ አልሠራም።

ይህን ስትሠሩ መኪናው በራሱ ጎማዎች የጥገና ጉድጓድ ወይም ጠንካራ ራምፕ ላይ ይቁም። ክሪክ ብቻ ይዞት ከሥሩ አትግቡ፣ ዲኤስማ በተለይ ግፊቱ ሲለቅ ያለ ማስጠንቀቂያ ይተኛል።

ዘይት የሚጠፋ ከሆነ

የቱቦውን መስመር ከፓምፑ እስከ ኋላ ተከትላችሁ ሂዱ። ዝገት የሚበዛው ቱቦው ከሰውነቱ ጋር የሚታሰርባቸው ክሊፖች ሥር ነው። ኋላ ያሉትን ሲሊንደሮች የአቧራ መከላከያ ጎማ ጫን አድርጉት፣ በዘይት ተሞልቶ ከረጠበ የውስጡ ጉሚኒ አልቋል። በእጃችሁ እየዳበሳችሁ ቀዳዳ አትፈልጉ። ከ100 ባር በላይ የሆነ ግፊት በመርፌ ቀዳዳ ሲወጣ ቆዳ በስቶ ይገባል፣ እሱም ሆስፒታል የሚያስኬድ ጉዳት ነው። ካርቶን ተጠቀሙ። ቱቦ ከመፍታታችሁ በፊትም ሞተሩን አጥፍታችሁ በማስለቀቂያው ቡሎን በኩል ግፊቱን ወደ ዕቃ አውጡት።

ውጭ ጠብታ ሳይታይ ታንኩ የሚጎድል ከሆነ የፓምፑን ዘንግ ጉሚኒ ጠርጥሩ፤ ሞተሩ ላይ በቀጥታ የታሰረ ፓምፕ ዘይቱን ወደ ሞተሩ ውስጥ ሊልከው ይችላል።

ለደረቀው፣ የጋዝ ኳሶቹ

ሞተሩ እየሠራ ኋላውን ሁለት እጃችሁን አሳርፋችሁ በክብደታችሁ ጫኑት። ወርዶ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ጋዙ አለ። ጎማው ብቻ ከተጨፈለቀና ሰውነቱ ንቅንቅ ካላለ ናይትሮጅኑ አልቋል። ጋዙ ከዓመት ዓመት ኳሱ ውስጥ ከዘይቱ በሚለየው የጎማ ሽፋን በኩል ያልፋል፣ ማንም ጥፋተኛ የለም። ሽፋኑ ካልተቀደደ አንዳንዶቹ በናይትሮጅን መልሰው ይሞላሉ፣ ከተቀደደ ግን ይጣላል። ግራና ቀኙን አብራችሁ ቀይሩ።

ሲትሮኖች ላይ ተጨማሪ የሚሰማ ምልክት አለ። ሞተሩ ሥራ ፈትቶ ሲዞር የግፊት መቆጣጠሪያው ቲክ ይላል። ረጋ ብሎ አልፎ አልፎ ከሆነ ጥሩ ነው። በየሁለትና ሦስት ሴኮንዱ ከሆነ ግን ዋናው የግፊት ማጠራቀሚያ ኳስ ደክሟል ወይም ውስጥ ለውስጥ ማፍሰስ አለ። ዲኤስ ላይ ፍሬኑም የሚሠራው በዚሁ ግፊት ስለሆነ ቀይ መብራት እያየ የሚነዳ ሰው በሕይወቱ ይጫወታል።

«ተራ ሾክ ይግባበት» ለሚሏችሁ

ይሠራል፣ ግን ሾኩን ብቻ በመቀየር አይደለም። መርሴዲሱ ላይ ያለው ሞላ ከዘይቱ እርዳታ ጋር ተሰልቶ የተመረጠ ለስላሳ ሞላ ነው። ሲሊንደሩን አውጥታችሁ ተራ ሾክ ብትከቱ ሰው ሲጫን ይወርድና ይቀራል። የምትቀይሩ ከሆነ ጠንከር ያለ ሞላም አብሮ ይቀየራል። በበኩሌ ቱቦዎቹ በሙሉ ካልበሰበሱ በቀር ኦሪጅናሉን ማዳን እመርጣለሁ፤ ሁለት የጋዝ ኳስና አዲስ ዘይት ብዙውን ጊዜ በቂ ነው።

ሥራው ሲያልቅ ቁመቱን እንደገና ለኩና ከጻፋችሁት ጋር አስተያዩ፣ ዘንጉንም በዚያው ልክ አስሩ። ከዚያ ማታ የፊት መብራቱን ግድግዳ ላይ አብሩት። ኋላው ወርዶ ሳለ የተስተካከለ መብራት ከሆነ አሁን አስፋልቱን ነው የሚያበራው።