የጥናት ሪፖርት በኦንላይን ለምትሸጡ፦ ዋናው ቅጂ ኤክስኤምኤል ይሁን

የጥናት ሪፖርት በኦንላይን የምትሸጡ ከሆነ ዋናውን ቅጂ በፒዲኤፍ ሳይሆን ኤክስኤምኤል (XML) በተባለው የፋይል ዓይነት አስቀምጡ። ፒዲኤፍ በዋናነት የሚይዘው የገጹን መልክ ነው፤ ኤክስኤምኤል ግን የቱ ርዕስ፣ የቱ ሠንጠረዥ፣ የቱ የግርጌ ማስታወሻ እንደሆነ ለይቶ ይይዛል። ከዚያ አንድ ፋይል በኤክስኤስኤልቲ (XSLT፣ ኤክስኤምኤልን ወደ ሌላ ቅርጽ መለወጫ ቋንቋ) እየቀየራችሁ ድረ ገጽም፣ ኢፐብም (EPUB፣ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ፋይል)፣ ለፒዲኤፍ የሚሆነውንም ታወጣላችሁ። ስህተት ሲገኝ የምታርሙት አንድ ቦታ ብቻ ነው።

ትልቁ ጥቅም ግን ሽያጩ ላይ ነው። ብዙ ገዢ ሙሉውን ጥራዝ አይፈልግም፤ የሚፈልገው አንድ ምዕራፍ ወይም አንድ ሠንጠረዥ ነው። ለእያንዳንዱ ምዕራፍ፣ ሠንጠረዥና ሥዕል የማይቀየር መለያ ከሰጣችሁ ለብቻው አውጥታችሁ መሸጥ ትችላላችሁ። መለያውን ከገጽ ወይም ከምዕራፍ ቁጥር ጋር አታያይዙት፤ በሚቀጥለው እትም መሃል ላይ አዲስ ምዕራፍ ሲገባ ሁሉም ይዛባል።

አንድ ነገር አደራ! ምዕራፍ 4ን ብቻ የገዛ ሰው «ሠንጠረዥ 7ን ይመልከቱ» የሚል አንብቦ ሠንጠረዡ ምዕራፍ 2 ውስጥ ቀርቶ ከሆነ፣ የከፈለበት ነገር ጎድሎበታል። እያንዳንዱ ጠቋሚ ወዴት እንደሚያመራ ከሽያጭ በፊት በፕሮግራም አስፈትሹ፤ የተጠቀሰውም ሠንጠረዥ አብሮ ይሂድ።

ዋጋና የገዢ መረጃ ሪፖርቱ ፋይል ውስጥ አይግቡ፤ ዳታቤዝ ላይ ተቀምጠው በመለያው ይገናኙ። ለመጻሕፍት አከፋፋዮች የምትልኩትን መግለጫ ደግሞ በኦኒክስ (ONIX፣ የመጻሕፍት መረጃ መለዋወጫ መስፈርት) አዘጋጁት፤ እሱም ራሱ በኤክስኤምኤል የተሠራ ነው።