ጎንደርን በሁለት ቀን እንዴት እንጎብኛት?

ጎንደር ላይ እንግዳ ሲመጣብኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት ቀን እንደሚቆይ ነው። ብዙው ሰው «ዛሬ ግንቡን አያለሁ፣ ነገ በጠዋት እወጣለሁ» ይላል። የአክስቴ ልጅም ከአዲስ አበባ ስትመጣ እንደዚሁ ነበር ያሰበችው። በሰባት ሰዓት ፀሐይ ግቢውን ዞራ ጨረሰች። ማታ ፎቶዎቿን ስናይ ሰማዩ ነጭ፣ ድንጋዩ ደብዛዛ ነበር። በማግስቱ ለምኜ አስቀረኋትና በአሥር ሰዓት እዚያው ግቢ መለስኳት። ድንጋዩ ወርቅ መስሎ ሲበራ «ይሄማ ሌላ ቦታ ነው!» አለች።

ጎንደር በሰዓቷ የምትታይ ከተማ ናት። የት እንደሚኬድ ማንም ይነግራችኋል። እኔ የምነግራችሁ መቼ የት መሆን እንዳለባችሁ ነው።

1. ከመምጣታችሁ በፊት

ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ በጣም ደስ ይላል። ክረምቱ ወጥቶ ተራራው ሁሉ አረንጓዴ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ ስለተቀመጠች ማለዳና ማታ ይበርዳል። ጋቢ ወይም ሹራብ ያዙ። ጫማችሁ ሶሉ የማያንሸራትት፣ ደግሞም ቶሎ የሚወልቅ ይሁን። ቤተ ክርስቲያን በገባችሁ ቁጥር ታወልቁታላችሁ።

በመኪና የምትመጡ ከሆነ የመንገዱን ሁኔታ በዚያው ሳምንት ከተመላለሰ ሰው ጠይቁ። ይህን ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። ባጃጅ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራም ያረፋችሁበት ሆቴል ይነግራችኋል። በአውሮፕላን ከሆነ የምታርፉት አዘዞ፣ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ነው።

2. የመጀመሪያው ቀን ማለዳ፦ ደብረ ብርሃን ሥላሴ

ሰው ሁሉ ከግንቡ ይጀምራል። እናንተ ከሥላሴ ጀምሩ። ከፒያሳ በእግር ቢሄዱ ሩቅ አይደለም፤ ማለዳ ደግሞ መንገዱ ጸጥ ያለ ነው። ነጠላ የለበሱ እናቶች ከቅዳሴ ሲመለሱ ታገኛላችሁ። «እንደምን አደሩ፣ እማማ» በሉ። ምርቃቱ ለቀኑ ስንቅ ይሆናችኋል።

ቤተ ክርስቲያኑን የመሠረቱት ቀዳማዊ አፄ ኢያሱ ናቸው። ቅዳሴ ካልተጠናቀቀ ደጅ ጠብቁ። ስትገቡ ወዲያው ካሜራ አታውጡ። ውስጡ ጨለም ያለ ስለሆነ ዓይናችሁ እስኪለምድ ጥቂት ደቂቃ ያስፈልገዋል። ከዚያ ቀና በሉ። ጣራው በሙሉ ክንፍ ባላቸው የመላእክት ፊቶች ተሞልቷል። በረድፍ በረድፍ ሆነው፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው ወደ ታች ያዩአችኋል። ሁሉም አንድ ይመስላሉ፤ ደጋግማችሁ ስታዩ ግን አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ይመለከታል። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ቁጠሩ በሏቸው። በመቅደሱ መግቢያ በኩል ያለው ግድግዳ ላይ ሥላሴና ስቅለቱ አሉ። ብልጭ የሚል የካሜራ መብራት ሥዕሉን ስለሚጎዳ አጥፉት።

በ1880 ዓ.ም. ከሱዳን የመጡት ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ከተረፉት ጥቂት አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ይህ ነው። እንዴት እንደተረፈ ካህናቱን ጠይቁ። የንብ መንጋ ወጥቶ ጠላትን እንዳባረረ ይተርኩላችኋል። ታሪኩን እዚያው አጥሩ ሥር ቆሞ መስማት ከእኔ ከማንበብ ይበልጣል።

3. ቀትር ላይ ፒያሳ

በቀትር ግንብ ለግንብ አትዙሩ። ፒያሳ ወርዳችሁ ብሉ፣ ቡና ጠጡ። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ በያይነቱ፣ ካልሆነ ጥብስ እዘዙ። አካባቢው ጣሊያን በ1930ዎቹ ዓ.ም. መግቢያ ላይ የሠራቸው ሕንፃዎች ያሉበት ነው። ማዕዘናቸው ክብ ሆኖ የዞረውን ሕንፃዎች ልብ በሏቸው፤ ፖስታ ቤቱ አንዱ ነው።

4. ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፦ ፋሲል ግቢ

አፄ ፋሲል ጎንደርን የመሠረቱት በ1628 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ከዚያ በፊት ነገሥታቱ ድንኳን ተክለው፣ ድንኳን ነቅለው ነበር የሚኖሩት። ስለዚህ እዚህ የምታዩት ከድንጋይና ከኖራ የተሠራ ቤት ብቻ አይደለም፤ ቤተ መንግሥት አንድ ቦታ ላይ «እዚሁ እኖራለሁ» ያለበት ነው። ዩኔስኮ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ባጅ ያለው አስጎብኚ ያዙ። ዋጋውን በር ላይ ተነጋገሩ። ትኬቱን አትጣሉት፤ ነገ ለምትሄዱበት የፋሲል መዋኛም ያገለግል እንደሆነ እዚያው ጠይቁ።

ከገባችሁ በኋላ በነገሥታቱ ተራ ሂዱ። መጀመሪያ አራት ክብ ማማ ያለው የፋሲል ግንብ። ቀጥሎ የልጃቸው የአፄ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት። ከዚያ የልጅ ልጃቸው የአፄ ኢያሱ ግንብ፣ ጣራው ኮርቻ የሚመስለው። አንድ ጊዜ በመሬት መንቀጥቀጥ ተጎድቷል፤ በጣሊያን ጦርነት መጨረሻ ደግሞ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ቦምብ ጥለውበታል። ውስጡ ቆማችሁ ሰማዩን ታያላችሁ። የኔ ቦታ እሱ ነው። ያልተጠገነውን ግድግዳ ሳይ ጦርነት ምን እንደሚወስድ ይገባኛል። ከዚያ የአፄ ዳዊት የዘፈን ቤት፣ የአፄ በካፋ የግብር (የግብዣ) አዳራሽ፣ በመጨረሻ የእቴጌ ምንትዋብ ግንብ። የአንበሳ ቤቱን ልጆች አያልፉትም።

ብዙ ሰው ሳያይ የሚሄደው በሮቹን ነው። የግቢው አጥር አሥራ ሁለት በር አለው፤ ስማቸውም የቤተ መንግሥቱን ሥራ ይነግራችኋል። እምቢልታ በር የእምቢልታ ነፊዎቹ፣ ባልደራስ በር የፈረሰኛው አለቃ ነበር። ተዝካሮ በር፣ እርግብ በር፣ አዛዥ ጥቁሬ በርም አሉ። አስጎብኚያችሁን በየበሩ እንዲያዞራችሁ ጠይቁት። ስትወጡ ደግሞ አዋጅ ይነገርበት፣ ችሎት ይቆምበት የነበረው አደባባይና የጃንተከል ዋርካ አለ። ጥላው ሥር ትንሽ ቁጭ በሉ።

5. ማታ አዝማሪ ቤት

ጎንደር መጥቶ ማሲንቆ ሳይሰሙ መሄድ ያስቆጫል። ጠጅ ወይም እዚሁ የሚጠመቀውን ዳሸን እዘዙ። አዝማሪው መጥቶ ፊታችሁ ሲቆም ስማችሁንና አብሯችሁ ያለውን ሰው ስም ሹክ በሉት። ግጥሙን እዚያው ይደረድርላችኋል። ቅኔው ሰም ብቻ ከመሰላችሁ ጎረቤት የተቀመጠውን ጠይቁ፤ ወርቁን ይፈታላችኋል። ሽልማቱን አትርሱ። የእጁ ሙያ ነው።

6. ሁለተኛው ቀን፦ ቁስቋም፣ ከዚያ ጥምቀተ ባሕር

ባጃጅ ኮንትራት ያዙና ማለዳ ወደ ቁስቋም ውጡ። እቴጌ ምንትዋብ ከቤተ መንግሥቱ ሽኩቻ ራቅ ብለው ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ያሠሩበት ኮረብታ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲመጣ እዚህ ነበር ያስተናገዱት። ግንቡ ፈርሷል፤ ቤተ ክርስቲያኑም በደርቡሾች ተቃጥሎ እንደገና የተሠራ ነው። በግድግዳዎቹ ላይ የቀሩት የቀይ ድንጋይ ጌጦች ግን አሁንም ያምራሉ። የእቴጌይቱ፣ የልጃቸው የዳግማዊ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ ዐፅም በመስታወት ሣጥን ተቀምጧል። «አባ፣ ይፍቱኝ» ብላችሁ ጠይቁ፤ ያሳዩአችኋል። እዚህ ድምፅ ዝቅ ይደረጋል።

ስትወርዱ በዚያው አቅጣጫ ጥምቀተ ባሕሩ፣ የፋሲል መዋኛ አለ። ዙሪያውን በዛፍ የተከበበ ነው። የዋርካው ሥር የድንጋዩን አጥር አቅፎ፣ ሽንቁር ውስጥ ገብቶ ድንጋይ የሆነ ይመስላል። አጠገቡ ያለችውን ትንሽ ቤት የንጉሥ ፈረስ የዞብል መቃብር ናት ይሏታል። ገንዳው አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው። የሚሞላው ለጥምቀት፣ ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውኃ ነው።

የምትመጡት ለጥምቀት ከሆነ ከላይ ያልኩት ተራ ሁሉ ይቀየራል። ጥር 10 ከሰዓት በኋላ ታቦታቱን አጅባችሁ ወደ ገንዳው ውረዱ። ጥር 11 ገና ጎህ ሳይቀድ ቦታ ያዙ፤ ጸሎቱ አልቆ ወጣቱ ውኃው ውስጥ ሲዘል ካልደረሳችሁ ቀረባችሁ። ማረፊያ ከወራት በፊት ያዙ። በዓሉ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ እንግዳው ብዙ ነው።

7. ከሰዓት በኋላና ማታ

ቀኑ ቅዳሜ ከሆነ ገበያ ግቡ። ካልሆነ በደባርቅ መንገድ ወጣ ብላችሁ ወለቃን እዩ። ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን መንደር ነበረች፤ ትናንሽ የሸክላ ቅርጾች ይሸጡባታል።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ግን ጎሃ ሆቴል ያለበት ኮረብታ ላይ ሁኑ። በመጀመሪያው ቀን ወደዚህ ውጡ ያላልኳችሁ ለዚህ ነው። ዛሬ ከላይ ስታዩ የምታውቁት ከተማ ነው። የፋሲል ማማ እዚያ፣ ሥላሴ በዛፍ ተከባ እዚያ፣ ቁስቋም በዚያ በኩል። ፀሐይ ስትገባ ጭሱ ከየቤቱ ይነሳል፣ የሠርክ ጸሎቱ ከየደብሩ ይሰማል። ጋቢያችሁን ደረብ አድርጉና እስኪጨልም ተቀመጡ።