የቀይ ቀበሮ ሞት ዜና ሲሆን፦ ለጋዜጣ ዘጋቢዎች

ከባሌ ተራሮች «ቀበሮዎች እየሞቱ ነው» የሚል ስልክ ሲደወልላችሁ መጀመሪያ ስንት ሬሳ እንደታየ፣ መቼና በማን እንደታየ ጠይቁ። ደዋዩ በዓይኑ ያየውን ከሰማው ለይታችሁ መዝግቡ። የታየው ሦስት ከሆነ ዜናውም ሦስት ይበል። «በርካታ» ብላችሁ ከጻፋችሁ በማግሥቱ ሌላ ቦታ «በመቶዎች» ሆኖ ይወጣል።

ዜናው አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው መንስኤው ላይ ነው። ቀይ ቀበሮን በጅምላ የሚፈጁት የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር የሚባለው የውሾች የቫይረስ በሽታ ናቸው። ሁለቱም ከውሾች ይተላለፋሉ፣ ምልክታቸውም ሊመሳሰል ይችላል። የሚለያቸው ላቦራቶሪ ነው፤ ለእብድ ውሻ በሽታ ከአንጎል የተወሰደ ናሙና ያስፈልጋል። ስለዚህ ናሙናው መቼና ወዴት እንደተላከ ጠይቁ፤ ውጤቱ እስኪደርስ ድረስም «ተጠርጥሯል» ከሚለው አትለፉ። ሬሳው ከበሰበሰ ናሙናው ላይሠራ ስለሚችል «አልተረጋገጠም» የሚለውን መልስ «በሽታ የለም» ብላችሁ እንዳትተረጉሙት። ፎቶ አንሺውም ሬሳ በእጁ አይንካ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሰውን ይገድላል።

አንባቢው የጉዳቱን ክብደት እንዲረዳ ቁጥር ያስፈልገዋል። በዓለም ላይ ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች እንደሆኑ ይገመታል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ይኖራሉ። «አዋቂ» እና «ይገመታል» የሚሉት ቃላት በአርትዖት እንዳይወድቁ ተከራከሩ። አንዱ ዘገባ ግልገሎችን ቆጥሮ ሌላው ከተወ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ስታስቀምጡ ያልደረሰ እልቂት የደረሰ ይመስላል።

የተመራማሪዎች ሰነድ በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሚጻፍ ዓመቱን ስትመልሱ ተጠንቀቁ፦ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜ 8 ይቀነሳል። ለቀበሮዎቹ በአፍ የሚሰጠው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በባሌ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2018 ነው፤ በእኛ 2010 ዓ.ም. ይሆናል። 7 የቀነሰ ዘጋቢ አንድ ዓመት ያሳስታል።

አዲስ አበባ ሆኖ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ብቻ መደወል አይበቃም። የፓርኩን የእንስሳት ሐኪም አግኙ፤ ከዚያ እረኞቹን በአፋን ኦሮሞ አነጋግሩ። ውሻው ከብቱን ከጅብ የሚጠብቅለትን ሰው በርዕስ ላይ ጥፋተኛ አታድርጉት። የውሻ ክትባት ቀበሌው ድረስ ደርሶ እንደሆነ፣ በመጨረሻ የተሰጠውስ መቼ እንደሆነ ጠይቁት። ዜናው የሚገኘው ብዙውን ጊዜ እዚህ መልስ ውስጥ ነው።

ፎቶ ስትመርጡ ረጅም ቀጭን እግር፣ ሹል አፍ፣ ነጭ ጉሮሮና ጫፉ ጥቁር ጭራ መኖሩን አረጋግጡ። ከኢንተርኔት የሚገኘው ብዙ ጊዜ የአውሮፓ ቀበሮ ነው፤ የእሱ ጭራ ጫፍ ነጭ ነው። ቀበሮዎቹ የሚኖሩበትን ጉድጓድ ትክክለኛ ቦታ አትጻፉ፤ ፎቶው የያዘውን የቦታ መረጃም አጥፉ። በባሌ ተራሮች ያለውን አምባ ጠርቶ «ሳነቴ አካባቢ» ማለት ለአንባቢ ይበቃዋል።

ዜናው በወጣበት ቀን የላቦራቶሪ ውጤት የሚጠበቅበትን ቀን በዴስኩ መዝገብ ላይ አስፍሩ። ውጤቱ ሲመጣ፣ ጥርጣሬውን ቢያፈርሰውም እንኳ፣ የመጀመሪያው ዜና በወጣበት ገጽ ላይ ይታተም።